ለልብ ተብሎ በየቀኑ የሚዋጥ አስፒሪን፦ ማን ያቁም፣ ማን አያቁም፣ እንዴትስ ይቆማል?

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ መድኃኒት ቤት ነው። ከውጭ አገር እንግዳ የሚበዛበት የገናና የፋሲካ ሰሞን ካለፈ በኋላ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገምብኛል። አንድ አባት ከጋቢያቸው ሥር ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያወጡና «ልጄ፣ ይህች አልቃብኛለች፤ እንደሷ ያለ ካለህ ስጠኝ» ይላሉ። ጠርሙሱ ላይ 81 የሚል ቁጥር አለ፤ 81 ሚሊ ግራም አስፒሪን ማለት ነው። «አባባ፣ ማን አዘዘልዎ?» እላለሁ። «ልጄ ናት ከአሜሪካ የላከችልኝ፤ ለልብ ነው።» «ልብዎን ያምዎታል?» «ኧረ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ! እንዳያመኝ ነው እንጂ።»

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚህች በመጨረሻዋ መልስ ምክንያት ነው። ልቡን ታሞ የማያውቅ፣ ስትሮክ መትቶት የማያውቅ ሰው «እንዳያመኝ» ብሎ በየቀኑ አስፒሪን መዋጡ ዱሮ በሐኪም የሚመከር ነገር ነበር። አሁን፣ በተለይ ለአረጋውያን፣ ምክሩ ተለውጧል። ጠርሙሱ ግን አሁንም በሻንጣ እየመጣ ነው።

አባቴም እንዲህ ካሉት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ቢቸና አካባቢ ገጠር ይኖራሉ፤ ያኔ 74 ዓመታቸው ነበር። ክኒኗን ሦስት ዓመት ያህል ሳያቋርጡ ወሰዱ። ዓቢይ ጾም ሲሆን ከቅዳሴ መልስ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ በባዶ ሆዳቸው ክኒኗን ያስቀድሙ ነበር። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን አይተዋል፤ ለማንም አልተናገሩም፤ ለልጅ የሚነገር ነገር አልመሰላቸውም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስደውን ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ እያጠራቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ማረፍ ሲጀምሩ «እርጅና ነው» አልን። ሆስፒታል ሲደርሱ ደማቸው ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር፤ ደም ተሰጥቷቸው ዳኑ። እኔ መድኃኒት ሻጩ ልጃቸው ያንን ጠርሙስ በየበዓሉ መስኮት ላይ አየው ነበር። አንድም ቀን «ይህ ለምንድን ነው?» አላልኩም። ሌላ ሰው እንደ እኔ እንዳይዘገይ እፈልጋለሁ።

ሳትቀጥሉ ይህን አንብቡ

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ዛሬ ማታ ክኒኑን የሚጥል ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ። ቀድሞ ሃርት አታክ የያዘው፣ ደም ረግቶ የመጣ ስትሮክ የመታው፣ የልብ ደም ሥሩ ውስጥ ስቴንት (የጠበበ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) የተደረገለት፣ የልብ ደም ሥር ቅያሪ ቀዶ ሕክምና የተሠራለት፣ ወይም የእግሩ ደም ሥር ጠቦ አስፒሪን የታዘዘለት ሰው ያለ ሐኪሙ ቃል አንድ ቀን እንኳ አያቋርጥ። ለእነዚህ ሰዎች አስፒሪን ዛሬም ሕይወት አዳኝ ነው። በተለይ ስቴንት ያለው ሰው በድንገት ቢያቆም ስቴንቱ በረጋ ደም ሊደፈንና ሊሞት ይችላል።

የልብ ቫልቭ ሕመም ያለባቸው ወጣቶችም አሉ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ቫልቭ የሚያበላሸው የሪውማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ነው። የእነሱ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ደም እንዳይረጋ የሚወስዱትን ዋርፋሪንም ሆነ በየወሩ የሚወጉትን ፔኒሲሊን ይህ ጽሑፍ አይነካም። ነፍሰ ጡር ሆና የእርግዝና ደም ግፊት እንዳይመጣባት ሐኪም አስፒሪን ያዘዘላት እናትም ትቀጥል።

እንግዲህ ይህ መመሪያ የቀረው ሰው ነው የሚመለከተው፤ ምንም ሳይሆን «እንዳያመኝ» ብሎ የሚወስደውን።

ምክሩ ለምን ተለወጠ?

ብዙ ሰው አስፒሪንን «ደም ማቅጠኛ» ይለዋል። ደሙን ግን አያቀጥነውም። በደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ፤ ሲቆርጠን እርስ በርስ ተጣብቀው ቁስሉን የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። አስፒሪን የነካው ፕላትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ የመጣበቅ ኃይሉን አጥቶ ይኖራል። የልብ ደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው በዚህ ነው። ጨጓራ ውስጥ ወይም ጭንቅላት ውስጥ የተከፈተ ደም በቶሎ እንዳይቆም የሚያደርገውም ይኸው ነው። ጥቅሙንና ጉዳቱን ለያይተን አንዱን ብቻ መውሰድ አንችልም። በዚያ ላይ አስፒሪን የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል።

አስፒሪን ዝናውን ያገኘው በእውነተኛ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ታላቅ ጥናት ሃርት አታክ በያዛቸው ሰዎች ላይ አስፒሪን በዚያው ወር የሚደርሰውን ሞት በሩብ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ። ከዚያ ወዲህ «ለታመመ ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ላልታመመውማ!» ተባለ። ሐሳቡ ትክክል ይመስል ነበር፤ ሲፈተን ግን አልጸናም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የዚህ ፈተና ውጤቶች ወጡ። አንደኛው በአውስትራሊያና በአሜሪካ 19,114 ጤነኛ አረጋውያን ላይ የተካሄደ ሲሆን፣ አብዛኞቹ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበሩ። ግማሾቹ በየቀኑ 100 ሚሊ ግራም አስፒሪን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ለአምስት ዓመት ገደማ ወሰዱ። በልብና በደም ሥር ሕመም በኩል በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ከባድ የደም መፍሰስ ግን አስፒሪን ከወሰዱት 361 ሰዎች፣ አምሳያውን ከወሰዱት 265 ሰዎች ላይ ደረሰ። ሌላው ጥናት 15,480 የስኳር ሕመምተኞችን ከሰባት ዓመት በላይ ተከታተለ። እዚያ ጥቅም ታይቷል፤ ከ1,000 ሰው 11 ያህሉ ከከባድ የልብና የደም ሥር ችግር ተርፈዋል። ነገር ግን ከ1,000 ሰው 9 ያህሉ በዚያው መድኃኒት ምክንያት ከባድ ደም ፈሷቸዋል። ያንዱን ቤት እያዳነ የጎረቤቱን እንደሚያቃጥል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ጤነኛ ሰው አስፒሪን እንደ ልማድ እንዳይሰጥ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል 60 ዓመት የሞላው ሰው ለመከላከል ብሎ እንዳይጀምር መከረ። ቀድሞ የጀመረም ቢሆን 75 ዓመት ገደማ ሲደርስ ማቆሙን ማሰብ ተገቢ ነው አለ። ጠርሙሱ የሚመጣበት አገር ራሱ ምክሩን ከለወጠ ቆይቷል ማለት ነው።

ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ደም ረግቶ፣ አንዱ የአንጎል ደም ሥር ፈንድቶ ይመጣል። በእኛ በአፍሪካውያን ዘንድ የፈነዳው ዓይነት ድርሻ ከበለጸጉት አገሮች ይበልጣል፤ ትልቁ ምክንያቱም ሳይታከም የሚቆይ ደም ግፊት ነው። ግፊቱ ከፍ እንዳለ አስፒሪን መውሰድ ይህንን አደጋ ያባብሳል።

1. ክኒኑ ለምን እንደተጀመረ አጣሩ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ደረጃ ነው፤ ጊዜ ስጡት። አባቶቻችንና እናቶቻችን የሕክምና ታሪካቸውን በወረቀት አይዙም። «ለልብ ነው» የሚለው ቃል ሃርት አታክም፣ የልብ ድካምም፣ ጭንቀት የወለደው የልብ ምትም፣ የልጅ ስጦታም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «የልብ ሕመም አለብዎ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። በዝርዝር ጠይቁ። «እማማ፣ ደረትዎን ጨምድዶ ይዞዎት ሆስፒታል ተኝተው ያውቃሉ?» «እጅዎ ወይም እግርዎ ባንድ ጎን ድንገት ዝሎብዎት፣ አፍዎ ጠሞብዎት ያውቃል? በዚያው ቀን ቢተውዎትም እንኳ?» «አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሄደው በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ልብዎን አይተውታል?» ደረት ላይ ረጅም የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ካለም ታሪኩን አስነግሩ። የዚያው ቀን የተወ ድካም የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ብዙ ሰው «ነፋስ መታኝ» ወይም «ምች ነው» ብሎ ይረሳዋል። ለዚህ ጉዳይ ግን ወሳኝ መረጃ ነው።

የቆየ ካርድ፣ የመውጫ ወረቀት፣ የኢሲጂ ወይም የአልትራሳውንድ ውጤት ካለ ከሣጥኑ አውጡት። የሳጥን ታች ከብርና ከመሬት ደብተር ጋር ተጠቅልሎ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ከነዚህ ጥያቄዎች ለአንዱ መልሱ «አዎ» ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። ክኒኑ ይቀጥል፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

2. የደም መፍሰስ አደጋውን አስቡ

ዕድሜው 70 ያለፈ፣ ዱሮ የጨጓራ ቁስል ወይም የደም ትውከት የነበረበት፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ደም ግፊቱ ከ140/90 በላይ ሆኖ የሚኖር ሰው ደም የመፍሰስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ጨጓራ በኛ አገር እንደ ጉንፋን የሚቆጠር ሕመም ስለሆነ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው አትናቁ። ከጀርባው ብዙ ጊዜ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ አለ፤ እሱና አስፒሪን ሲገናኙ ቁስሉ በቀላሉ ይደማል።

ጣና ዙሪያ ያሉ ዘመዶች ላሏችሁ ሌላ ነገር ልጨምር። ቢልሃርዚያ ለብዙ ዓመት የቆየበት ሰው ጉበቱ ይጠነክርና የምግብ ቧንቧው ታች ያሉ ደም ሥሮች ያብጣሉ። እነሱ ከፈነዱ ደሙ በጎርፍ ነው የሚመጣው። ሆዱ የነፋ፣ ጣፊያው ያበጠ ወይም ደም ተፍቶ የሚያውቅ ሰው አስፒሪንን እንደ ከረሜላ የሚቅምበት ምንም ምክንያት የለም። የመንጠቆ ትል ያለበት ገበሬ ደግሞ ከመጀመሪያውም ደሙ ያነሰ ነው፤ ትንሽ ሲፈስሰው ይወድቃል።

አረቄ ላይ ዝም ብዬ ባልፍ ደግ አይደለም፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነውና። አረቄ ጨጓራን ይልጣል፤ ከአስፒሪን ጋር ሲሆን ጉዳቱ ይደራረባል። «አንድ መለኪያ ለሆድ ጥሩ ነው» የሚለውን ከአባቶቻችን አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አስፒሪን ለሚወስድ ሰው ግን ይህ ምክር አይሠራም።

«የኔ እንኳ ከላይ የተቀባ ነው፣ ጨጓራ አይነካም» የሚሉም አሉ። ሽፋኑ የማቃጠል ስሜቱን ይቀንስ ይሆናል። አስፒሪን ጨጓራን የሚጎዳው ግን በዋነኛነት ወደ ደም ከገባ በኋላ ስለሆነ ሽፋኑ ከመድማት አያድንም።

3. በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ አንድ ሰፌድ ላይ አውጡ

ፍሬውን ከማሸጊያው አታውጡ፤ ከነካርቶኑ፣ ከነጠርሙሱ አስቀምጡት። ከአልጋ ራስጌ፣ ከመስኮት፣ ከኪስ፣ ከመሶብ ሥር ሁሉ ሰብስቡ። የምትፈልጓቸው እነዚህ ናቸው፦ ለጉልበትና ለወገብ የሚገዙት ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን፤ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጡት ዋርፋሪንና ክሎፒዶግሬል።

እርሻ ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ጉልበቱ ያመዋል፤ ገበያ ሲወጣ ያለ ማዘዣ ማስታገሻ ገዝቶ ይመለሳል። የእነዚህ ማስታገሻዎችና የአስፒሪን ጥምረት በእኔ ዓይን የጎጃም አረጋውያን ትልቁ አደጋ ነው። የአባቴ ሰፌድ ላይም ከአስፒሪኑ ጎን ግማሽ ያለቀ የዳይክሎፌናክ ፍሬ ነበር፤ እኔ ሳልሆን ከገበያ የገዙት። ለሕመም ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል።

ሰፌዱ ላይ ዋርፋሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ካገኛችሁ ሰውየው በልብ ወይም በደም ሥር ሕመም የሚከታተል ሊሆን ይችላልና ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመለሱ። በራሳችሁ አታቁሙ፣ አትጨምሩም።

4. ባለሙያ ዘንድ ሂዱ፣ ጥያቄውን ግን እናንተ ያዙ

ጤና ጣቢያም ይበቃል፤ ግፊትና ስኳር እዚያው ይለካል። ውስብስብ ታሪክ ካለ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም ካለፈ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ይጻፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራችሁን አትርሱ፤ በሪፈር ሥርዓቱ ካልሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ወረፋው ረጅም ነው፤ ሐኪሙ ለአንድ ሰው ብዙ ደቂቃ የለውም። ስለዚህ ያላችሁን በአንድ ትንፋሽ ንገሩት፤ ለምሳሌ፦ «ዶክተር፣ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ሃርት አታክም ስትሮክም ይዟቸው አያውቅም፣ ስቴንት የላቸውም። ሦስት ዓመት ለመከላከል አስፒሪን 81 ወስደዋል፣ ከውጭ የመጣ ነው። ጨጓራ አለባቸው፣ ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ ይወስዳሉ። ቢያቆሙ ይሻላል ወይ?» እንዲህ ተብሎ ከተነገረ ማንም ባለሙያ ለመመለስ አይቸገርም።

ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ማነስን የሚያሳየው የደም ልኬት፣ እንዲለካ ጠይቁ። ቀስ እያለ የሚፈስ ደም ሕመም የለውም፤ የሚታወቀው በምርመራ ወይም በዳገት ላይ ነው።

ዕድሜው ከ40 እስከ 59 የሆነ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት፣ ደም የመፍሰስ አደጋው ግን ዝቅተኛ የሆነ ሰው ሐኪሙ «ይቀጥል» ሊለው ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም። እዚያ ዕድሜ ላይ ሚዛኑ ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል፤ ሐኪሙና ታማሚው ተነጋግረው የሚወስኑት ነው። ይቀጥል ከተባለ ኤች ፓይሎሪ መመርመርና የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል መውሰድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

5. የሚቆምበት ቀን

ባለሙያው «ይቁም» ካለ ማቆሙ ራሱ ቀላል ነው። ይህን ትንሽ መጠን ደረጃ በደረጃ መቀነስ አያስፈልግም፤ ነገ አይወሰድም፣ አለቀ። ግማሽ እየከፈሉ ወይም አንድ ቀን እያለፉ መውሰድ ምንም አይጨምርም፤ ነገሩን ከማወሳሰብ በቀር።

የክኒኑ ሥራ ግን በዚያው ቀን አይጠፋም። አዳዲስ ፕላትሌቶች አሮጌዎቹን እስኪተኩ አንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ይወስዳል። በነዚህ ቀናት ጥርስ ማስነቀል ወይም ሌላ ደም የሚያስወጣ ነገር ካለ ለባለሙያው አስፒሪን ሲወስዱ እንደነበር ይንገሩት። ዋግምት የሚያስደርጉ አባቶችም ይተዉት፤ ምላጩ የነካው ቦታ እንደተለመደው ቶሎ አይደርቅም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ ከ600,000 በላይ አስፒሪን ወሳጆችን ያካተተ የስዊድን ጥናት ያቆሙት ሰዎች ከቀጠሉት ይልቅ የልብና የደም ሥር ችግር በ37 በመቶ በዝቶ እንደታየባቸው አሳይቷል። ከእነዚህ ውስጥ ቀድሞ የልብ ሕመም የነበረባቸው ብዙ ነበሩ፤ ጥናቱም ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ የፈተነ ሳይሆን ከመዝገብ የተሰበሰበ ነው። ቢሆንም በሐኪም ቃል ብቻ አቁሙ የምለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

6. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ታያላችሁ?

ሁለት ዓይነት ምልክት አለ። አንደኛው ክኒኑ ያመጣው ጉዳት ቀድሞ ተጀምሮ እንደሆነ የሚያሳይ ነው፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ሰገራ፣ የቡና ዝቃጭ የመሰለ ትውከት፣ መገርጣት፣ ሲነሱ ዓይን መጨለም። የደም ማነስ ክኒን የሚወስድ ሰውም ሰገራው ይጠቁራል፤ ግራ ከገባችሁ አስመርምሩ። ይህን ለመናገር እንዳያፍሩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። «አባባ፣ ሰገራዎ ቢጠቁር ለኔ ይንገሩኝ፣ ነውር የለውም» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ያቺን ደቂቃ ነው ያጣኋት።

ሁለተኛው ድንገተኛው ሕመም ነው፦ ደረትን ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከላብ ጋር፤ ፊት ባንድ ጎን መጥመም፣ ክንድ መውደቅ፣ ንግግር መኮላተፍ። ይህ ከመጣ ጸበልም ዘመድም አይጠበቅም፤ ባገኛችሁት መኪና በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። ስትሮክ ለመሰለ ነገር ቤት ውስጥ አስፒሪን አትስጡ፤ የፈነዳ ይሁን የረጋ ያለ ምርመራ አይለይም።

7. በክኒኑ ቦታ የሚገባው

አስፒሪን ሲቆም «ታዲያ ልቤን ምን ይጠብቀው?» ይላሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ ከአስፒሪን ይልቅ የሚሠራ ነው።

ደም ግፊት ይቀድማል። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የታዘዘለት ሰው አስፒሪኑን ትቶ እነዚህን ሳያቋርጥ ቢውጥ የተሻለ ይጠበቃል። በየመድኃኒት ቤቱ የማየው የተገላቢጦሹን ነው፤ ከአሜሪካ የመጣውን በጥንቃቄ የሚውጥ ሰው እዚሁ የታዘዘለትን የግፊት መድኃኒት «ተሻለኝ» ብሎ ይተወዋል። ግፊት ስሜት ስለሌለው ተሻለኝ አይባልም፤ ይለካል እንጂ። ስኳር ላለበትና አደጋው ከፍ ላለ ሰው ሐኪሙ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን አቶርቫስታቲን ሊያዝለት ይችላል። ስለ እሱ ጠይቁ፤ ሃርት አታክና ስትሮክ እንደሚቀንስ በደንብ የተረጋገጠ መድኃኒት ነው።

ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። ሽሮው ሲዘጋጅ፣ በርበሬው ሲደለዝ፣ ወጡ ሲሠራ እየተደራረበ ስለሚገባ አንዱ ላይ ይቀንስ። ዘይት ላይ፣ በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ልብን አይወድም። የራሳችን ኑግ እያለን መጨነቅ አያስፈልግም፤ የኑግ ዘይት አይረጋም፣ ለልብም ይሻላል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ጥቁር አዝሙድ ምግብ ናቸው፤ ይብሉ። የግፊት መድኃኒትን ግን አይተኩም። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ያቁም፤ ለልብ ከዚህ የበለጠ ስጦታ ጥቂት ነው።

8. ላኪዋን ልጅ ማነጋገር

ብዙ ቤት ነገሩ የሚሰናከለው እዚህ ነው። አባትየው ክኒኑን የሚውጡት ለልባቸው ብቻ አይደለም። ልጃቸው በሩቅ አገር ሌሊት ሠርታ የላከችው ነውና፣ ካልዋጡት የናቋት ይመስላቸዋል። እሷም ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው «አባዬ፣ ክኒኗን እየወሰድክ ነው?» ነው። ፍቅር ነው በጠርሙሱ ውስጥ ያለው፤ በድንገት «ጣሉት» ብትሏቸው ልብ ይሰብራል።

እሷን ቀድማችሁ አነጋግሯት። «እህቴ፣ ሐኪሙ ይህንን አቁሙ አለ። በእናንተ አገርም ምክሩ ተለውጧል፤ ሐኪምሽን ጠይቂው። የምትልኪው ነገር ካስፈለገሽ የግፊት መለኪያ ላኪ» በሏት። በክንድ ላይ የሚታሰር፣ በባትሪ የሚሠራ መለኪያ ከሦስት ጠርሙስ አስፒሪን የበለጠ ይጠቅማል። ከዚያ ራሷ ለአባቷ ትንገራቸው፤ «አባዬ፣ እኔ ነኝ አቁም ያልኩህ» ስትላቸው ነገሩ በሰላም ያልቃል። እኛ ቤት የሆነው ይህ ነው፤ ላኪዋ የአጎቴ ልጅ ናት ደውላ የነገረቻቸው፣ የእኔን ግን ሁለት ሳምንት አልሰሙኝም ነበር።

9. የቀረው ክኒን

ለጎረቤት አይሰጥ። አባቴ የቀረውን ለማኅበር ጓደኛቸው ሊሰጡ አስበው ነበር፤ ጓደኛቸው ደግሞ የጨጓራ ሕመምተኛ ናቸው። ለትኩሳት ተብሎ ለልጅም አይሰጥ፤ ጉንፋን ወይም ጉድፍ የያዘው ልጅ አስፒሪን ቢወስድ ጉበቱንና አንጎሉን የሚጎዳ ሬይ የሚባል ሕመም ሊይዘው ይችላል። ወደ ቅርብ መድኃኒት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ መልሱት፤ እንዲወገድ ይደረጋል።

በመጨረሻ የታማሚውን ካርድ ላይ ባለሙያው «አስፒሪን ቆሟል» ብሎ ቀኑንና ምክንያቱን እንዲጽፍ አድርጉ። ነገ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ወይም ሌላ እንግዳ ሌላ ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ የሚታየው ያ ጽሑፍ ነው። በወሩ ግፊቱን አስለኩ፣ ሄሞግሎቢን ቀንሶ ከነበረም ድገሙት።